ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። 28 ዓመቴ ነው፤ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ፖሊስ ነበር፤ 9 ዓመት አገልግሏል። አምና አንድ ምሽት ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ጥበቃ ላይ ሳለ አንድ የባጃጅ ሹፌር ልጅ ቁም ሲሉት አልቆም ብሎ አመለጠ። ሲደርሱበት ድንጋይ ወርውሮ የወንድሜን ግንባር ፈነከተው። ያዙትና ካቴና አሰሩት። ከዚያ ወንድሜ ፊቱን በዱላ መታው። ልጁ አንድ ዓይኑ ጠፋ። 19 ዓመቱ ነው።

ወንድሜ 11 ወር ታስሮ ሲከራከር ቆየ። ባለፈው ሳምንት 7 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ተከላካይ ጠበቃ ነበረው።

እማዬ እህል መቅመስ አቁማለች። “ልጄን የጦስ ዶሮ አደረጉት” ትላለች። እኔም አንዳንዴ እውነቷን ነው እላለሁ። አራት ሆነው ወጥተው የተከሰሰው እሱ ብቻ ነው። የሽፍቱ ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ በቃ። በሰፈራችን ሰው በጩቤ የወጋ ሌባ 3 ዓመት ነው የተፈረደበት። ሌሊት ብርድ እየመታው ሰፈር ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንዴት ከሌባ በላይ ይቀጣል?

ዘመዶቻችን ቲክቶክ ላይ ዘመቻ ጀምረዋል፤ ገንዘብም እያሰባሰቡ ነው። በአሜሪካ ጆርጅ ፍሎይድን የገደለው ፖሊስም “በሕዝብ ጩኸት ነው የተፈረደበት” እያሉ ቪዲዮ ይልኩልኛል። አፍ አለሽ፣ ተምረሻል ብለው እኔ ካሜራ ፊት ቀርቤ “ወንድሜ የመታው ራሱን ሲከላከል ነው” እንድል ይፈልጋሉ።

ችግሩ ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ፍርድ ቤት የቀረበው ነው፤ 40 ሰከንድ ቢሆን ነው። እማዬ ያን ቀን አሞኛል ብላ አልመጣችም። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። ወንድሜ ይመታዋል። ከጎን የኃላፊው ድምፅ ይሰማል። “በለው! በለው!” ይላል።

የልጁ እናት ጎረቤታችን ናቸው። ቡና እንጠራራ ነበር። አሁን ሐሙስ ገበያ ላይ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። ወንድሜን መውደድና ያን ቪዲዮ ማየት አንድ ላይ አልሄድ አለኝ። ምን ላድርግ?

እህቱ ነኝ፤ ከጅማ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ያስቆመኝ ስለ ፍርዱ ያልሽው አይደለም። “መንገድ እቀይራለሁ” የምትለው ናት። በቡና የምታውቂያቸውን ሴት አይተሽ፣ ሽንኩርትሽን እንደያዝሽ ወደ ሌላ መደዳ ስትታጠፊ ታየሽኝ። እሷን እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ የሚቸኩለውን። የይግባኝ ቀን ስለሚሮጥ ይህ ከመታተሙ በፊት በቴሌግራም ጽፌልሻለሁ። ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልድገመው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ የሚል ሰው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቃል። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን በ30 ቀን ውስጥ ያቀርባል። ቲክቶክ ይቆየን፤ ይህ አይቆይም። ተከላካይ ጠበቃው ይግባኙን ይቀጥልበት እንደሆነ ጠይቂው። ካልሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ፤ እዚያ ሄደሽ ማማከር ትችያለሽ።

አሁን ወደ እናትሽ ቃል። “የጦስ ዶሮ” ሲሉ ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ እያሉ ነው። ልጄ መከሰስ አልነበረበትም። ቅጣቱ በዛበት። ለምን እሱ ብቻ። እናት ናቸውና እንዲለያዩት አልጠብቅም። አንቺ ግን ብትለያዪው የሚቀልሽ ይመስለኛል። የሦስቱ መልስ አንድ አይደለምና።

የመጀመሪያው ላይ ላባብልሽ አልችልም። ወንድምሽ ግንባሩ ሲፈነከት፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ መልሶ መትቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ያውቃል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ አልፎ ለተከላከለ ሰው እንኳ ያዝናል፤ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ይዞት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጭራሽ ሳይቀጣው ሊተወው ይችላል። ፖሊስም ሰው ነው፣ ይደነግጣል። ግን በድንጋዩና በዱላው መሃል ካቴናው አለ። ካቴና ለማሰር ሰው መያዝ፣ እጁን ወደ ኋላ ማዞር፣ መቆለፍ ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ጊዜ አደጋው እያለፈ ነበር። ልጁ መሬት ከተቀመጠ በኋላ የመጣው ምት መከላከል አይባልም። ይህን እኔ ሳልነግርሽ በፊት ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፊም ነበር።

ሁለተኛው፣ 7 ዓመቱ። ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ፣ ማለትም በአንቀጽ 555 ተፈርዶበት ከሆነ ሕጉ ሰፊ ነው። እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ ከ1 ዓመት በማያንስ ቀላል እስራትም ሊያበቃ ይችላል። 7 ዓመት መሃሉ ላይ ነው። በዛ ብሎ መከራከር መብቱ ነው፤ ነውርም የለበትም። 9 ዓመት ያለ ጥፋት ማገልገሉ፣ ግንባሩ መፈንከቱ፣ ከዚህ በፊት አለመከሰሱ በቅጣት ማቅለያነት ተይዞለት እንደሆነ ግልባጩ ላይ ይታያል። ካልተያዘለት ይግባኙ አንድ እግር አገኘ ማለት ነው።

የሌባው 3 ዓመት ግን ያን ያህል የሚረዳሽ አይመስለኝም። የሱን መዝገብ አንቺም እኔም አላየነውም። ደግሞም ሕጉ በአንቀጽ 84 ላይ በተሰጠው ሥልጣን ወይም አደራ አላግባብ ተጠቅሞ ያጠፋን ሰው ቅጣቱን ያከብድበታል። ብዙ የፖሊስ ቤተሰብ ይህን እንደ በደል ነው የሚያየው። አጎቴ ፖሊስ ነበር። ከሽፍት ሲመለስ ቀበቶውንና ዱላውን በሩ ጀርባ ካለች ሚስማር ላይ ይሰቅላል። እኛ ልጆቹ እንድንነካው አይፈቅድም፤ “የኔ አይደለም” ይለን ነበር። የማን እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም። አሁን ሳስበው ሌባው ጩቤውን ከራሱ ኪስ ነው ያወጣው። ለወንድምሽ ያን ዱላ ያስያዝነው ግን ሁላችንም ነን፤ የባጃጁ ልጅ እናትም ጭምር። ቅጣቱ የሚከብደው ለዚህ ነው። ፖሊስን ከመጥላት አይደለም።

ሦስተኛው ላይ ግን ከእናትሽ ጋር ነኝ። ለምን እሱ ብቻ?

ያ ቪዲዮ ወንድምሽን ጣለው፤ እሺ። ግን እዚያው 40 ሰከንድ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። “በለው!” ብሎ ያዘዘ አለቃ ተዛውሮ ደሞዙን እየበላ ከሆነ ቅሬታችሁ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 73 የበላይ ሆኖ ወንጀል እንዲሠራ ያዘዘን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። አንቀጽ 74 ደግሞ ስለ ታዛዡ ይናገራል። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ አይድንም። ነገር ግን ለዲሲፕሊን ብሎ፣ ታዛዥነት ይዞት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ ጠበቃውን የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለሽ። የዚያ ድምፅ ጉዳይ በክርክሩ ላይ ተነሥቷል ወይ? ተነሥቶ ውድቅ ተደርጎ እንደሆነ በምን ምክንያት? ካልተነሣስ አሁን በይግባኝ ሊነሣ ይችላል ወይ? እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የመጨረሻውን መልስ እሱ ይስጥሽ።

ዘመዶችሽ የላኩልሽ የአሜሪካው ጉዳይም፣ በደንብ ካዩት፣ እነሱ የሚሉትን አይልላቸውም። ፖሊሱ ዴሪክ ሾቪን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2021 በሚኒሶታ ግዛት 22 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። ጉልበቱን ጆርጅ ፍሎይድ አንገት ላይ 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ አሳርፎ ነበር። ፍሎይድም እጁ በካቴና ታስሮ ነበር። እዚያው ግዛት ኪም ፖተር የምትባል ፖሊስ ዳንቴ ራይት የተባለውን ወጣት በጥይት ገደለች። በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን መሣሪያ ያወጣች መስሏት ሽጉጥ ነው ያወጣችው። በ2022 ሁለት ዓመት ተፈረደባት። ዩኒፎርሙ ያው ነው፣ የሕዝቡ ቁጣም ያው ነበር። ቅጣቱ ግን ከ20 ዓመት በላይ ተራራቀ። አንደኛው የታሰረ ሰው ላይ ያን ሁሉ ደቂቃ ቆይቶበታል። ሌላዋ በቅጽበት ተሳስታለች።

ከዚያ ታሪክ እኔ ብሆን የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ከሾቪን ጋር የነበሩት ሦስቱ ፖሊሶችም ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። “የቀሩትስ?” የሚለው ጥያቄ እዚያ መልስ አግኝቷል። እናንተም መጠየቅ ያለባችሁ እሱን ነው።

ካሜራውን በተመለከተ፣ አትቅረቢ። ውሸት ነው ብዬ ልቆጣሽ አይደለም፤ ሰው ለወንድሙ ይዋሻል። ግን ዳኞቹ ያንን ቪዲዮ አይተውታል። “ራሱን ሲከላከል ነው” ስትይ ያየ ሁሉ ይስቅባችኋል፤ ስለ ኃላፊው የምትሉት እውነት ሳይቀር አብሮ ይወድቃል። ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ያንቺን ፊት ነው፤ ነገ መሥሪያ ቤትሽ፣ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ገበያ። ዘመዶችሽ ተማርሽ ብለው መረጡሽ፤ እንግዲያው ለተማረ ሰው የሚሆን ሥራ ይስጡሽ። እንዲህ ብትያቸውስ? “እኔ ቪዲዮ አልሠራም። የፍርዱን ግልባጭ አስወጥቼ አነባለሁ፣ ጠበቃ አናግራለሁ። የተሰበሰበውን ብር ለዚህ አድርጉት።” ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሌላ የሚያጋሩት ነገር ያገኛሉ። ያ 7 ዓመት ስንቅ የምታመላልሺው ግን አንቺ ነሽ።

በነገራችን ላይ 7 ዓመቱ እንዳለ 7 ላይሆን ይችላል። በሕጋችን አመክሮ የሚባል አለ፤ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩ የተመሰከረለት ሰው በአንቀጽ 202 መሠረት ሊለቀቅ ይችላል። የ7 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 4 ዓመት ከ8 ወር ነው። የታሰረበት 11 ወር ሲታሰብለት 3 ዓመት ከ9 ወር ይቀራል። ለእናትሽ ይህን ቁጥር በወረቀት ጻፊላቸው። “7 ዓመት” የሚለው ቃል ጆሯቸው ውስጥ እየጮኸ እህል አይገባቸውም።

እናትሽ ጋ ስደርስ የምጠይቅሽ አለኝ። ቪዲዮው በታየበት ቀን እውነት አሟቸው ነበር? ወይስ ምን እንደሚታይ ገብቷቸው ነው የቀሩት? አላውቅም፤ አንቺ ግን እናትሽን ታውቂያለሽ። የማያውቁትን ነገር የደበቅሽባቸው መስሎሻል። ምናልባት ሁለታችሁም አንዱን ነገር እየተደባበቃችሁ ይሆናል። ስልክሽን ከፍተሽ “እዪው” አትበያቸው፤ ምንም ቢሆን እናት ያን ማየት የለባትም። ቡና ሲፈላ፣ ዘመድ በሌለበት ሰዓት፣ “እማዬ፣ እኔ ቪዲዮውን አይቼዋለሁ” ብቻ በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ከጠየቁሽ መልሺ። ካልጠየቁሽ ሲኒውን እጠቢና ተነሺ። ቢያንስ ከዚያ በኋላ ብቻሽን አትሸከሚውም።

አሁን ጎረቤትሽ። ይህን ክፍል ስጽፍ ሦስት ጊዜ ሰርዤያለሁ። በእኛ ልማድ ወዲያው የሚመጣው ሽማግሌ መላክ ነው። እናንተ አካባቢ ደግሞ ጃርሱማው፣ የኦሮሞ ሽማግሌዎች እርቅ፣ ጠንካራ ነው፤ ትልልቆቹ ከገቡበት ብዙ ነገር ይበርዳል። እርቅ ክሱን አያስቀረውም፤ ፍርዱም ተሰጥቷል። ባዶ እጁን ግን አይመለስም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተንና ተጎጂውን የካሰን ሰው ቅጣት ያቀልላል። አመክሮም ቢሆን ጉዳቱን በአቅሙ መካሱን ያያል። ሆኖም ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንደኛ፣ ወንድምሽ በይግባኝ “አልመታሁም” ሊል ካሰበ፣ ሽማግሌ ፊት “በድያለሁ” ማለት ሌላ መዘዝ አለው። ስለዚህ ጠበቃው ሳያውቅ ሽማግሌ እንዳይላክ። ሁለተኛ፣ ያቺ እናት ካሳው የቅጣት ማቅለያ ጉቦ መስሎ ከታያቸው ቁስላቸው ላይ ጨው ነው። የልጃቸው ዓይን አይመለስም። እሱ ልጅ አሁን በአንድ ዓይን ባጃጅ ይነዳል ወይስ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም። አታውቂው ይሆናል፤ መንገድ የቀየረ ሰው ይህን አያውቅም።

እናም እርቁ እስኪደርስ ድረስ ካንቺ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሐሙስ ስታገኚያቸው አትታጠፊ። “እንዴት ዋሉ?” በያቸው። ይቅርታ አትጠይቂ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ገበያም ቦታው አይደለም። ስለ ወንድምሽም አታንሺ። ላይመልሱልሽ ይችላሉ፤ ሊሰድቡሽም ይችላሉ። ከሰደቡሽ አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ እንዴት ዋሉ በያቸው። ወንድምሽን የከዳሽ አይመስለኝም። ለነገሩ እሱ ራሱ ምን እንደሚሰማው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

ምናልባት እዚህ ላይ ነው የታሰርሽው። ሁላችሁም ስለ ወንድምሽ ታወራላችሁ፤ እናትሽ፣ ዘመዶችሽ፣ አሁን ደግሞ እኔ። እሱ ግን በደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገረም። እሑድ ለጥየቃ ስትሄጂ ለአንድ ጊዜ ብቻሽን ሂጂ። ምግቡን ስጪው፣ ይብላ፤ የቤቱን ወሬ ንገሪው። ከዚያ “ካሰራችሁት በኋላ ለምን መታኸው?” ብለሽ ጠይቂው። እንደ ዐቃቤ ሕግ አይደለም፤ እንደ ታናሽ እህት። “ታዝዤ ነው” ሊልሽ ይችላል። “ተናድጄ ነው” ሊልሽ ይችላል። ሊያለቅስ፣ ሊቆጣሽም ይችላል። የመለሰልሽን እዚያ አጠገባችሁ ለሚያዳምጥ ሰው ሳይሆን ለጠበቃው ንገሪ። “ታዝዤ ነው” ካለሽ በተለይ።

ግልባጩን ስትቀበይ ከሰው ሁሉ በፊት አንቺ አንብቢው። በአፋን ኦሮሞ ስለሚሆን ለእናትሽ በኋላ ቀስ ብለሽ ትተረጉሚላቸዋለሽ። መጀመሪያ ግን ስለ ቪዲዮው የተጻፈበትን ገጽ ፈልጊ። ያ “በለው” የሚለው ድምፅ ገጹ ላይ መኖር አለመኖሩን እዪ። ካለ፣ ማን እንዳለው ተጽፏል ወይ? ለጠበቃው ስትደውዪ የገጹን ቁጥር ነግረሽ ጀምሪ።